ቆዳዬን ያዋደድኩበት ዓመት

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ አንዲት ጠባብ የጫማ መሥሪያ ሱቅ ነበረችኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ያረጀ የጣልያን ጫማ ፈትቼ፣ ክሩ የሄደበትን እየተከተልኩ አይቼ፣ መልሼ ሰፋሁት፤ በዚያው ጫማ ሰፊ ሆንኩ። ማንበብም የለመድኩት በጫማ አፍንጫ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን አሮጌ ጋዜጣ እየዘረጋሁ ነው። ስለዚህ በዓይኔ ያላየሁትን ሰው ሲነግረኝ ቶሎ አላምንም። ይህ ጠባዬ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። አሁን የምጽፈው ግን ስላልጠቀመኝ ጊዜ ነው።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ በጣም ወፍራም ነበርኩ። እኔ ባደግሁበት ዘመን ውፍረት ያስመሰግን ነበር፤ ከበዓል በኋላ ያገኘህ ሰው "ወፈርክ" ካለህ ደግ መናገሩ ነው። ለውጡ ሲመጣ ግን ሆድ ያለው ሁሉ የድሃ እንጀራ የበላ መሰለ። እኔ የሰው አልበላሁም። የራሴን ግን ከልክ በላይ በልቻለሁ፤ ይህን አልክድም። ጫማ ሰፊ ጫማውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰፋው። የእኔ ሆድ በጉልበቴና በእጄ መካከል ገብቶ በቀን ከአንድ እግር ጫማ በላይ መጨረስ አቃተኝ። ስለዚህ ቀኙን እኔ እሰፋለሁ፤ ግራውን ወደ ቤት ወስጄ ለባለቤቴ እሰጣለሁ። እጄን እያየች ስለለመደች አሳምራ ትሰፋዋለች። ለደንበኛ ግን ሁለቱም የእኔ ሥራ ናቸው እያልኩ ነበር የምሸጠው። ልጆቼን ስለ እውነት ስገሥጽ ይህ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ስኳር በሽታ አለብህ፣ ካልከሳህ ዕድሜህ ያጥራል ተባልኩ። የከሳሁት በእልህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የሽሮ ሜዳን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። ክብደቴን የምለካው አንድ የቆዳ ነጋዴ ጥሬ ቆዳ በሚመዝንበት ሚዛን ላይ ነበር። ነጋዴው ሲያየኝ ሁልጊዜ አንድ ቀልድ ነበረው፤ እንዳይበላሽ ጨው እንደሚነሰነስበት ቆዳ ጨው ስላልነካኝ በሙሉ ዋጋ እንደማይገዛኝ ይነግረኛል። እኔ ስጾም ቤቱን ሁሉ አስጾምኩ። የልጆቼን እንጀራ በእኔ ልክ ቆረስኩ፤ በየማዕዱ ስለ ሆዳምነት ሰበክሁ። እነሱ ባልወፈሩት ተቀጡ።

ሥጋው ሄደ፤ ቆዳው ቀረ። የከብት የሆድ ቆዳ ለጫማ ፊት አይሆንም። አንዴ ከተለጠጠ ወደ ቦታው አይመለስም። ይህን በየቀኑ በእጄ እየነካሁ አውቅ ነበር፤ ለራሴ ሆድ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ጠበቅሁ። ቆዳዬ እንደ ሽርጥ ጭኔ ላይ ወረደ። ክረምት ሲገባ ከሥሩ እያላበው ቆሰለ፤ ሸተተም። የፒያሳ ሰው ደግሞ የከሳን ሰው አይተወውም። ወይ ታሟል፣ ወይ ታስሮ ወጥቷል፣ ወይ የደበቀው ነገር አለ። ከሱቄ ፊት ለፊት የሚቆሙት ወሬኞች የሰፋኝን ኮት እያዩ፣ ሰውየው ኮታቸውን አስቀምጠው ሄደዋል፣ ሲመጡ እንነግራቸዋለን ይላሉ። እኔም "ደህና ነዎት?" ያለኝን ሁሉ ማን ልኮት ይሆን እያልኩ እጠረጥር ጀመር።

ቁስሉ አልድን ሲል በአንድ ሆስፒታል ከወዳጅ አገር የመጣ ሐኪም ትርፉን ቆዳ ቆርጦ እንደሚያወጣልኝ ነገረኝ። ታስተረጉም የነበረችው ሲስተር ለቁስሉ እንጂ ለመልክ እንዳልሆነ ደጋግማ አስረዳችኝ። ገብቶኛል አልኩ። አልገባኝም ነበር። በልቤ እንደ ጎረምሳ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ ስሄድ ይታየኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም ጫማ ራሴ ስሰፋም ይታየኝ ነበር።

ፋሻው የተፈታ ዕለት በባለቤቴ ትንሽ መስታወት አየሁት። በቀኝ በኩል ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሄዷል። በግራ በኩል ግን ተኮማትሯል፤ መጨረሻው ላይ ቡጢ የሚያህል እጥፋት ቀርቷል። እምብርቴም ወደዚያው ተስቧል። በሩን ቆልፌ የመርፌውን ምልክት በጣቴ ለካሁ። በቀኝ በኩል በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ሁለት፣ በግራ በኩል አራት። ጫማ ሰፊ ይህን አይስትም። እኔን የሰፋኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ይህ ሐሳብ ሌላውን ሁሉ በላብኝ። ሐኪሙ ግማሽ ላይ ትቶኝ ሄዷል፤ ሲስተሯ ታውቃለች፤ ሆስፒታሉ በሞላ እየሳቀብኝ ነው። ከሸሚዜ ጋር መተኛት ጀመርኩ። ባለቤቴ ለማየት ስትጠይቅ ገና ፋሻ አለው አልኳት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ገና ፋሻ አለው አልኳት። መጠየቋን ስትተው ደግሞ ከማን ሰምታ ይሆን ብዬ እሷንም ጠረጠርኩ።

አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። በር ላይ የአብዮት ጥበቃው እየዳበሰ ያስገባል። እጁ ግራ ጎኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ሥጋ ነው።"

"የምን ሥጋ?"

"የራሴ።"

አላመነኝም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ሸሚዜን እንድገልጥ አዘዘኝ። እምቢ ስል ጠመንጃውን ወደ ፊት አዞረ። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ፣ "ተዋቸው፣ ቆዳቸውን ያዋድዳሉ" አለ። ለሚኮራ፣ ለሚግደረደር ሰው የሚባል ነው። ሰልፉ ሳቀ። ገለጥኩ። ጥበቃው አይቶ ፊቱን አዞረና "ይግቡ" አለኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ባለቤቴ ከቀበሌ ሱቅ፣ ከሳሙና ሰልፍ ተመለሰች። ተቀምጣ ነጠላዋን አጣጠፈች። ባለቤቴ ከጋብቻችን ጀምሮ አንተ ነው የምትለኝ።

"ሰፈሩ ያየውን እኔ አላየሁም" አለችኝ። "ይሁን። እርስዎ ካልፈለጉ ዳግመኛ አልጠይቅም።"

በቁጣ ብትናገረኝ እመርጥ ነበር። በዚያ ሳምንት የሰጠኋት ግራ ጫማ ሳይነካ፣ ከነወስፌው መስኮቱ ላይ ቀረ። ምግብ ታቀርባለች፣ ትጠራኛለች፣ "ይብሉ" ትለኛለች። ልጆቹ ቃሉን ሲሰሙ ቀና ብለው እያዩን መልሰው ያቀረቅራሉ።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ሸሚዜን ማውለቅ ብቻ ነበር። እኔ ግን ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ጥርጣሬዬ እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ ቤቴ የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ፊት ሸሚዜን ገልጬ፣ ይህን ሁለት እጅ ነው የሰፋው አልኩ። ሲስተሯ አስተረጎመች። ሐኪሙ አልተቆጣም። እጄን ይዞ የወስፌ ጠባሳዎቼን አየና ሥራዬን ጠየቀ። ጫማ ሰፊ ነኝ አልኩት። ከዚያ ሳይደብቅ ነገረኝ። እኔን እየሰፋ ሳለ ከሰሜን ቁስለኞች ደርሰው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተጠርቶ ሄዷል፤ ግራዬን የዘጋው ገና በመማር ላይ ያለ ሐኪም ነው።

"ለምን አልተነገረኝም?" አልኩ።

ሲስተሯ ይህን አላስተረጎመችም። ራሷ መለሰችልኝ። "ቢነገርዎ ምን ይሉ ነበር? ቁስለኛው ይቆየኝ?"

ድጋሚ ይሠራልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ለስኳር በሽተኛ ለመልክ ተብሎ ድጋሚ ቢላዋ አይነሣም አሉኝ። ቁስሉስ ድኗል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ድኗል። ሁለት ክረምት ያሠቃየኝ ቁስል ከዳነ ሰንብቷል፤ እኔ ግን ሸሚዜን ቆልፌ ወጣሁ።

ቢሆንም አሸንፌ ነበር ወደ ቤት የተመለስኩት። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር። ለባለቤቴ ከበር ጀምሬ ተናገርኩ፤ ሁለት እጅ እንደሆነ አውቄ ነበር፣ ሸፍነው፣ ደብቀው፣ አንድ ቃል ሳይነግሩኝ። እስክጨርስ ጠበቀች።

"የእኛ ጫማስ በስንት እጅ ነው የሚሰፋው?" አለች።

መስኮቱ ላይ ወደ ቀረው ግራ ጫማ አየች።

"ለገዢው ተነግሮት ያውቃል?"

ሰው በራሱ ሚዛን ሲመዘን ምን እንደሚሰማው ያን ዕለት አወቅሁ። ለልጆቼ ስሰብክ የኖርኩትን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ባዶ አደረገችው። ወደ መስኮቱ ሄጄ ሸሚዜን አወለቅሁ። ብርሃን ነበር። እሷም መጥታ፣ ልክ የተሰፋ ጫማ እንደምታይ ጎንበስ ብላ፣ በአውራ ጣቷ ከቀኝ እስከ ግራ ጠባሳውን ተከተለችው። እጥፋቱ ላይ ስትደርስ አላመነታችም።

"ቀኙን የሰፋው የለመደ ነው፤ ተጣድፏል" አለች። "ግራውን የሰፋው ፈርቷል። የፈራ ሰው ስፌት ያበዛል፣ ክርም ያጠብቃል። እኔስ መጀመሪያ ላይ እንዲያ አልነበርኩም? ረሳኸው እንዴ?"

ረሳኸው ነው ያለችው። የቀረውን በደንብ አልሰማሁትም።

ሸሚዜን ዛሬም ሱሪዬ ውስጥ አልከትም። እጥፋቱን ወደድኩት ብል እዋሻለሁ፤ ስታጠብ ፊቴን አዞራለሁ። ግራ ጫማውንም አሁን ጎንበስ ብዬ ራሴ መስፋት እችል ነበር፤ አልወሰድኩባትም።

ለደንበኛ መናገር የጀመርኩት ግን በዚያው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የነገርኩት ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ሌላ ጫማ ሠሪ ዘንድ ሄዶ የማያውቅ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። ቀኙ የእኔ፣ ግራው የባለቤቴ እጅ ነው አልኩት። አዲሶቹን ጫማዎች አንሥቶ ግራ ቀኙን እያገላበጠ፣ ሶሉንም ስፌቱንም በጥርጣሬ መረመረ። ከዚያ አስቀመጣቸውና እግሩ ላይ ያለውን የቀድሞውን ጫማ አየ።

"ለካ ለዚህ ነው" አለኝ። "ስምንት ዓመት ሙሉ ቀኙ ብቻ እየቆረቆረኝ ግር ሲለኝ የኖረው።"

ይህን ለባለቤቴ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ።