ሳጅን ካሳዬ የሰማው

ሳጅን ካሳዬ እኛ ኮንዶሚኒየም ሲመደብ በሕይወቱ አንድም ወንጀለኛ ይዞ አያውቅም ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሳያፍርም ሳይኩራራም። ከፖሊስ ማሠልጠኛ እንደወጣ የገባው ማርሽ ባንድ ነው፤ ትሮምቦን ነፊ ሆኖ። ጉልምስናውን በሰልፍ፣ በምርቃትና በቀብር ላይ ሲነፋ ጨረሰው። አንድ ቀን ባንዱን የጫነው መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ የፊት ጥርሶቹ ከፊቱ ያለው ወንበር ብረት ላይ ተሰበሩ። ቦሌ ያለ ሐኪም ሰው ሠራሽ ጥርሶች ተከለለት። ለመብላት ደህና ነበሩ፣ ለመንፋት ግን አልሆኑም፤ ትንፋሹ በጎን ያመልጣል። የባንዱ አዛዥ በጣም አዘነለት፤ ከማዘን በቀር ግን የሚያደርግለት ነገር አልነበረም። ካሳዬ አጭር ሥልጠና ወስዶ ወደ ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ተዛወረ፤ ሰሚት ወዳለው ግቢያችንም መጣ።

ቢሮው ለሱቅ ተብላ የተሠራች አንዲት ጠባብ ክፍል ነች። ሰው መጀመሪያ ላይ ፖሊስ ሁሉ አንድ ስለሚመስለው ችግሩን ሁሉ ይዞለት ይመጣ ነበር። መኪናው የተገጨበት ሲመጣ ካሳዬ ወደ ትራፊክ ይልከዋል። ባሏ የመታት ሴት ስትመጣ አብሯት ታክሲ ይሳፈርና ጣቢያ ድረስ ሄዶ ለሴቶችና ሕፃናት ክፍል አስረክቧት ይመለሳል። ስልክ የተሰረቀበት ወደ ወንጀል ምርመራ ነው። እሱ ራሱ ያለው በወንጀል መከላከል ሥር ነው።

"መከላከል ማለት እንግዲህ ምንድነው?" ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኩት።

"ነገሩ ከመሆኑ በፊት መስማት" አለኝ። "ሥልጠናው ላይ ጆሮ ሁኑ ነው ያሉን።"

እውነትም ጆሮ ሆነ። በመኪና ማቆሚያ የተጣሉትን ያስታርቃል፤ ለቅሶ ሲሆን ኮፍያውን አውልቆ ድንኳን ይተክላል። ዓመት ሳይሞላው "የእኛ ሳጅን" ተባለ። ልጆቻችን እንኳ አይፈሩትም ነበር። ለመያዝ እንጂ ለመስማት የማይመጣ ፖሊስ ለለመድን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የምትቀርበው ወይዘሮ እንቁ ነበረች፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት በጡረታ የወጣች ሴት። ከአንድ ልጇ ከአብነት ጋር ትኖራለች። አብነት በአካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ ሲያገኙት ዝቅ ብሎ ሰላም የሚል ጨዋ ልጅ ነው። በኋላ ላይ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው በኳስ ውጤት የሚወራረዱበት ቤቲንግ ቤት ሆነ። መጀመሪያ የእናቱ ቴሌቪዥን ከቤት ወጣ፤ ቀጥሎ የአንገት ሐብሏ። ወይዘሮ እንቁ ለካሳዬ ነገረችው፤ ካሳዬም ልጁን ጠርቶ መከረው። አብነት አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ "ልክ ነዎት ጋሼ" አለ፣ አመስግኖም ወጣ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቲንግ ቤቱ ሄደ።

አንድ እሁድ የብሎካችን የውሃ ፓምፕ ጠፋ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ያለ ፓምፑ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ስለማይሞላ፣ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያለን ሰዎች ጄሪካን መሸከም ጀመርን። አሮጊቶች ደረጃው ላይ እያረፉ ሲወጡ ማየት ያሳዝናል። የነዋሪዎች ማህበሩ ለፖሊስ ጣቢያው አመለከተ፤ ጉዳዩም ወደ ምርመራ ክፍል ሄደ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት ወይዘሮ እንቁ ወደ ካሳዬ ክፍል ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች።

"ለአንተ ነው የምነግርህ" አለችው፤ "ለካሳዬ፣ ለወንድሜ። ለፖሊስ አይደለም።"

"ይንገሩኝ እትዬ እንቁ" አለ።

"ፓምፑን የወሰደው አብነት ነው። ቁልፉን ጥበቃው ቤት ከተሰቀለበት አንስቶ። እኔ ብቻዬን ይዤው መተኛት አቃተኝ።"

ካሳዬ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው ሲነግረኝ፣ "ጆሮዬን ብደፍን ደስ ባለኝ" ነው ያለው። ሕጉን አያጣውም፤ የሰማውን ለምርመራ ማሳወቅ አለበት። ፊቱ የተቀመጠችው ሴት ግን ደንብ ልብሱን አልፋ እሱን ነው የምታየው። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ፈለገ። አብነትን ለብቻው ጠርቶ "ፓምፑን መልስ፤ ከተመለሰ ማህበሩን እኔ አነጋግራለሁ" አለው።

"ሸጬዋለሁ ጋሼ" አለ አብነት። "የገዛኝን ሰው ድጋሚ ባየው እንኳ አላውቀውም።"

ካሳዬ በማግስቱ ሲቪል ለብሶ ሾላ ገበያ ሄደ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን አንድ በአንድ እየዞረ ፓምፕ ጠየቀ። ብዙ ፓምፕ አሳዩት። የእኛን ከሌላው በምን ይለየው? ባዶ እጁን ተመለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪዎቹ መጡና ጥበቃችንን ኦላናን ይዘው ሄዱ። የፓምፑ ክፍል ቁልፍ አልተሰበረም፤ ቁልፉ ያለው ደግሞ እሱ ጋ ብቻ ነው። ነገሩ በእነሱ ዓይን ይኸው ነው። ኦላና ከወለጋ የመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መዝሙር የሚያንጎራጉር፣ ያመሸን ሰው በር ለመክፈት ፊቱን አጥቁሮ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ካሳዬ ጣቢያ ሄዶ በፍርግርጉ በኩል አየው።

"ሳጅን፣ እርስዎ ያውቁኛል" አለው ኦላና። "ይንገሩልኝ።"

ካሳዬ ከጣቢያው ደጅ ታክሲ ተሳፈረ። በቀጥታ ወደ አራተኛ ፎቅ ነው የወጣው።

"እትዬ እንቁ፣ ሰው ታስሯል። እርስዎ ወይም አብነት ቢናገሩ ይሻላል።"

"ልጄን በገዛ አፌ?"

"እርስዎ ካልተናገሩ እኔ መናገሬ ነው።"

"እኔ የነገርኩት ለማን ነው?" አለች ወይዘሮ እንቁ።

"ለእኔ።"

"ታዲያ?"

አብነት የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሮ፣ "ጋሼ አይጨነቁ" አለው በዚያ በለመደው ትሕትና። "ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። እኔው እናገራለሁ።"

ካሳዬ አመነው፤ ወይም ማመን ፈለገ። ጠዋት ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቀ። አብነት አልወረደም፤ ስልኩም ዝግ ነው። እናቱ በሯን አልከፈተችም። ያኔ ካሳዬ ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ ጣቢያ ሄደ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሶሬቲ በዕድሜ ታንሰዋለች፤ በማዕረግ ትበልጠዋለች። ሁልጊዜ "ጋሽ ካሳዬ" ብላ ነበር የምትጠራው። ቃሉን ስትጽፍ ቆይታ "መቼ ነው የሰሙት?" ስትለው "ዓርብ" አላት። እጇ ቆመ።

"ሰውየው የተያዘው ማክሰኞ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እኛ ስንይዘው ያውቁ ነበር ማለት ነው፣ ሳጅን።"

"አዎ" አለ። በአንድ ጣቢያ ሥር እሱ እየሰማ፣ እሷ እየመረመረች፣ በመካከል አንድ ሰው ታሰረ።

አብነትን ገርጂ አካባቢ አንድ ቤቲንግ ቤት ውስጥ አገኙት። ሲይዙት አልሮጠም፤ ይቅርታ ጠየቃቸው አሉ። ፍርድ ቤት አንድ ዓመት ከምናምን ፈረደበት። ወይዘሮ እንቁ ማህበሩን ለምና፣ ማህበሩም ይቅር ብያለሁ ብሎ ነበር፤ ግን ጉዳዩ ከጣቢያው ወጥቶ ዐቃቤ ሕግ እጅ ስለገባ ይቅርታው የትም አላደረሰም። ካሳዬም ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ሲመሰክር ወይዘሮ እንቁ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። ነጠላዋን አስተካክላ መሬት መሬቱን አየች።

ኦላና በእርግጥ ተፈታ። ግን እሱ ታስሮ ሳለ ማህበሩ ሌላ ጥበቃ ቀጥሮ ነበር፤ አዲሱን ደግሞ በምን ምክንያት ያባርሩት? ኦላና ብርድ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ካሳዬ ይቅርታ ሊጠይቀው ወጣ። "እርስዎ ምን አደረጉ?" አለው ኦላና፤ "ያወጡኝ እርስዎ ነዎት ተባልኩ።" ካሳዬ ዓርብ መስማቱን ሊነግረው ፈለገ፤ ግን ብርድ ልብሱን አንስቶ አሸከመው። ኦላና አመስግኖት ሄደ። ምስጋናው አለቆቹ የሰማኸውን በጊዜ አላሳወቅክም ብለው ከሰጡት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልቅ እንደከበደው ነግሮኛል።

እኛስ? እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ካሳዬ አጠፋ ያለ ማንም የለም። ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ነገር ግን ደረጃው ላይ ቆመን ስናወራ እሱ ብቅ ሲል ወሬ ይቀየራል። ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ አየሩ። ሰላምታው አልተቋረጠም፤ ሻይ እንጋብዘዋለን። ጭንቀቱን የሚነግረው ግን ጠፋ። ሌላ ቦታ እንዲያዛውሩት አለቆቹን ጠይቆ ነበር፤ "እዚያ ሰው ያውቅሃል፣ አዲስ ሰው ብንልክ ማን ይቀርበዋል?" ብለው መለሱት።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ከሰዓት አብሬው ተቀምጬ ሳለ ሔዋን የምትባል ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ወጣት በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ልክ አልነበረም። እኔ ልወጣ ተነሳሁ።

"ሳጅን፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር" አለች።

ካሳዬ ወንበር ሳበላትና እሱ ራሱ ቆመ። "ከመናገርሽ በፊት ስሚኝ እህቴ" አላት ቀስ ብሎ። "የምትነግሪኝን ነገር እዚሁ ላስቀረው ላልችል እችላለሁ። ይህን አውቀሽ ንገሪኝ።"

ሔዋን ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እሱን አየች።

"አይ፣ ያን ያህል እንኳ አይደለም" አለች። "ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።"

ወጣች። ካሳዬ እስከ በሩ ተከትሏት ደረጃውን ስትወጣ ከታች ሆኖ አየ። ሊጠራት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ምን ብሎ እንደሚጠራት ግን አላወቀም። ተመልሶ መጣና ባዶው ወንበር አጠገብ ቆመ።