ለባዶ ቤት ሦስት ስም

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ከናዝሬት ደወለ። የእናታችን ቤት ለመንገድ ሊፈርስ ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም አልኖረበትም። «ለእትዬ እንዳትነግሪያት፣ ደም ብዛቷ ይነሳባታል» አለኝ። እትዬ ታላቅ እህታችን ናት፤ እንደ እኔ አሜሪካ፣ ግሪንቤልት ነው የምትኖረው። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ኩሽናዬ ውስጥ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ቀረሁ። ትዝ ያሉኝ ሚስ ፉሚኮ ናቸው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ እዚሁ አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እኚህን ጃፓናዊት አሮጊት መንከባከብ ነበር። አሜሪካዊ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ሩዙን እንደ አጥሚት አቅጥኜ አበስልላቸዋለሁ፤ እሳቸው ከላዩ በጨው የተዘፈዘፈ ፕሪም ጣል ያደርጉበታል። መጀመሪያ ቀን ቀምሼው ፊቴ ሲጨማደድ ከልባቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

እየበሉ የሚያወሩት ገጠር ስላለው የአባታቸው ቤት ነው። ጃፓኖች ለባዶ ቤት ያሏቸውን ስሞች ያስተማሩኝም ያኔ ነው። ባለቤቱ ወጣ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሩሱ ነው። የሚኖርበት ከሌለ አኪያ። ፈራርሶ ሣር ከበቀለበት ሃይኦኩ።

«የእርስዎስ የትኛው ነው?» አልኳቸው።

«የአገሩ ሰዎች አኪያ ይሉታል። የአባቴ ስም የተጻፈበት ሳንቃ ደጁ ላይ እስካለ ድረስ ግን ለእኔ ሩሱ ነው።»

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ሳንባቸውን ታመው ተኙ። የወንድማቸው ልጅ ደብዳቤም ያኔ መጣ። የማነብላቸው እኔ ስለሆንኩ በእንግሊዝኛ ነበር የሚጽፈው። ቤቱ በሚቀጥለው ወር ይፈርሳል፤ አክስቴ፣ ምን ላስቀርልዎ? ይላል። መርዶ መደበቅ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ጠባይ ነው፤ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሁሉም ደህና ነው፤ ሰላም ይልዎታል።»

አልተሻላቸውም። በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ለቀብር መጥቶ፣ «ያንን ሳንቃ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። መልስ ሳጣ የማይፈልጉት መስሎኝ ከፍርስራሹ ጋር ተጣለ» አለኝ። ደብዳቤው አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እውነቱን አልነገርኩትም።

ደግነት ነው ያልኩት ነገር ፍርሃት ነበር፤ ሲያለቅሱ ማየት አልፈለግኩም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሻዩን ደፋሁና ወደ ግሪንቤልት ነዳሁ። እትዬ በሩን ከፍታ ፊቴን ስታየው፣ «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም። የእማዬ ቤት ሊፈርስ ነው።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለቅሶዋ በረድ ሲልላት፣ «እትዬ፣ ምን እንዲቀርልሽ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም። «የደጁን መቀርቀሪያ» አለች። «የእማዬ እጅ ያለበት እሱ ነው። አሁኑኑ ወንድማችንን ኮል አድርጊውና ነቅሎ ያስቀምጥልኝ።»