«ብርድ ነው» ስል የጠነከረው ጡቴ

መጀመሪያ የተሰማኝ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አጭር ስለሆንኩ ከሰሌዳው አናት ለመጀመር መንጠራራት አለብኝ። የዚያን ቀን ቀኝ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልሄድ አለኝ። ሕመም አልነበረውም፤ አንድ ነገር ከውስጥ ደረቴን ጨምድዶ የያዘኝ መሰለኝ። ከሰሌዳው መሐል ጀምሬ ጻፍኩና ክፍለ ጊዜውን ጨረስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ቀኝ ጡቴ በካንሰር ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ተቆርጦ ወጥቷል። በቦታው ኢምፕላንት፣ ማለትም በሲሊኮን የተሞላ ሰው ሠራሽ ጡት ገባልኝ፤ ቀጥሎም የጨረር ሕክምና ወሰድኩ። ስለ ኢምፕላንቱ ከባለቤቴ ከአሰፋ በቀር እዚህ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው ደረቴን እያየ የእውነቱ የትኛው ነው እያለ እንዲገምት አልፈለግሁም። ኩሩ ነኝ፤ ጥፋቴም ከዚህ ይጀምራል።

ከሆስፒታል ስወጣ ቀዶ ሐኪሟ «ከጠነከረብሽ፣ ቅርጹ ከተለወጠ፣ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ካመመሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪልኝ» ብላኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ የሚፈልገው «ካንሰሩ ወጥቷል» የሚለውን ብቻ ነበር።

እኛ ደጋ የምንኖር ሰዎች ለሁሉም ሕመም አንድ ስም አለን፤ ብርድ። ወገብ ቢይዝ ብርድ፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ፣ ፊት ቢጣመም ብርድ። አሰፋም ገና ነግሬው ሳልጨርስ «ብርድ ነው» አለኝ። ለገና አቀስታ እናቱ ዘንድ ሰንብተን ነበር የመጣነው፤ የአቀስታ ብርድ ደግሞ ምስክር አያሻውም። እኔም አመንኩ። እውነቱን ልናገር፣ ማመን ፈለግሁ። ጋቢ ደረብኩ፣ ዝንጅብል አፈላሁ፣ ፀሐይ ሞቅሁ።

ጡቱ ግን ጠነከረ። በሁለተኛው ወር ስነካው እንደ ግንባሬ ደረቅ ሆነ። በቀኝ ጎኔ መተኛት ቀረ። መስታወት ፊት ስቆም ቀኙ ከግራው ከፍ ብሎ እንደ ኳስ ክብ ሆኗል። ከዚያ ሕመሙ መጣ። ፈራሁ። ተመልሷል አልኩ በልቤ። ቃሉን ግን ከአፌ አላወጣሁትም። ካወጣሁት እውነት የሚሆን መሰለኝ። ልጄ ሕይወት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ፈተናዋ እስኪያልፍ ልቻለው አልኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ ለሰው ስመክር የኖርኩት እኔው ነኝ።

ሐኪም ስፈራ ወደ ወጌሻ ሄድኩ። እማማ ዘሃራ የታወቁ ወጌሻ ናቸው፤ ከማሻ ሳይቀር ሰው ይመጣላቸዋል። «ጀሪካን ሳነሣ ጡንቻዬ ዞረ» ብዬ ዋሸኋቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉና በለጋ ቅቤ ከትከሻዬ እስከ ብብቴ አሹኝ። ጠባሳዬን እንዳያዩ ልብሴን አላወለቅሁም፤ በስሩ እጃቸውን እየሰደዱ ነው ያሹኝ። በሁለተኛው ቀን እጃቸው ወደ ደረቴ ወረደ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ቤቴ ስገባ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዳር ዳሩን እየተጫኑ ሳለ ድንገት ቆሙ። እጃቸውን አወጡ። ቅቤውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ይኼ አጥንት አይደለም» አሉ። «ጅማትም አይደለም። አላህ የፈጠረውን ገላ ዕድሜዬን ሙሉ ዳስሻለሁ፤ ይኼ ሰው ያስገባው ነው። ያስገባው ይየው። እኔ ከእንግዲህ አልነካሽም።»

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ። «በእጄ ልጎዳሽ ነበር እኮ» አሉ። «ነገውኑ ሂጂ። ዱዓ አደርግልሻለሁ።»

ነገውኑ አልሆነም። ያን ሰሞን መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አሰፋ በየማለዳው መነኸሪያ እየሄደ ይጠይቃል፤ መኪና የለም። አራት ቀን እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ቀን ሚኒባስ ተገኘ። እስከ ደሴ ድረስ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ደረቴን በሁለት እጄ ደግፌ ሄድኩ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሟ ተቀምጬም፣ ተኝቼም፣ ክንዴን አንሥቼም መረመረችኝ፤ ሁለቱን ጎን በእጇ አነጻጸረች። «ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለችኝ። አምስት ወር አልኳት። «ካፕሱላር ኮንትራክቸር ነው» አለች። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት በዙሪያው ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ይህ ኢምፕላንት ባለበት ሁሉ ያለ ነው። አንዳንዴ ግን ሽፋኑ እየወፈረና እየተኮማተረ ኢምፕላንቱን ጨምቆ ይይዘዋል። ጨረር የወሰደች ሴት ላይ ይበዛል። አራት ደረጃ አለው፤ የኔ የመጨረሻው ነበር።

«ካንሰርስ?» አልኳት። ቃሉን ያኔ ገና አወጣሁት።

«አይመስለኝም። አይመስለኝም ብዬ ግን አልሸኝሽም፤ አረጋግጣለሁ።»

አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ኤምአርአይ ገባሁ። ኢምፕላንቱ በአንድ በኩል ተቀድዷል። በእሽቱ ይሁን ከዚያ በፊት ማወቅ አይቻልም አለችኝ። ሽፋኑን ከነኢምፕላንቱ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ካፕሱሌክቶሚ ይባላል። አዲስ መተካት ይቻላል፣ ጨረር በነካው ቦታ ላይ ግን እንደገና የመጠንከር ዕድሉ ሰፊ ነው። ወደ አሰፋ ዞርኩ። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ብርድ ነው ያልኩ ሰው» አለ። ሳላስበው ሳቄ መጣ። «አውጪው፤ ሌላ አታስገቢ» አልኳት።

የወጣው ሽፋን ለፓቶሎጂ ምርመራ ተላከ። አሥር ቀን ጠበቅን። በአሥረኛው ቀን ሐኪሟ ራሷ ደወለች። «የካንሰር ሕዋስ የለም» አለች። ስልኩን ለአሰፋ ሰጠሁት። እሱ አለቀሰ። እኔ እንባዬ የመጣው በማግሥቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ማገገም ቀስ ያለ ነበር፤ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ ከጎኔ ይዤ ሰነበትኩ፣ ቱቦው ከወጣ በኋላም ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እንደ ጉንዳን እያስኬድኩ በየቀኑ ክንዴን ከትናንቱ ትንሽ ከፍ አድርጌ መለማመድ ነበረብኝ። ወደ መካነ ሰላም ስመለስ የቀኝ ደረቴ ዝርግ ነበር፤ አልሸፋፈንኩትም፣ የጠየቀኝን ሁሉ እንዳለ ነገርኩት፤ ያን ያህል የፈራሁት ወሬም ሁለት ሳምንት ተወርቶ ሌላ ወሬ ሲመጣ ቀረ። የልጄ የሕይወት ፈተና ደግሞ እኔ ለእሱ ስል ሕመሜን ስደብቅ ከርሜ ሆስፒታል ሳለሁ አለፈ፤ ለካ እናቷ ለምን ጋቢ ውስጥ ተቀብራ እንደከረመች ስታብሰለስል ኖሯል የምታጠናው። እስካሁን ትቆጣኛለች፤ እውነቷን ነው።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ፤ ስታክመኝ አልወቀሰችኝም። እማማ ዘሃራን ግን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም፤ የማያውቁትን አላውቅም ብለው እጃቸውን ባያነሡ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም። ኢምፕላንት ያለሽ እህቴ ሆይ፣ ጡትሽ ከጠነከረ፣ ከተጣመመ፣ ከፍ ካለ ወይም ካመመሽ አትታሺ፣ ቅቤ አትቀቢ፣ አትጠብቂ። ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ግን ያንን መናገር የሚችለው መርማሪው እንጂ ፍርሃትሽ አይደለም። የሚነካሽን ሰው ሁሉ ምን እንዳለሽ ንገሪው።

አሁን እማማ ዘሃራ ቅቤ ከመንካታቸው በፊት ሴቱን ሁሉ «ሐኪም ያስገባብሽ ነገር አለ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለፈው ሳምንት ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት ወጣት ወደ እኔ ልከው ነበር። ጡቷን እዚያ ነው ያሠራችው፤ ግራው ጠንክሮባታል። ሶፋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇን ይዤ ዝርጉ ደረቴ ላይ አስቀመጥኩት።

«የኔ እዚህ ነበር» አልኳት።

እጇን አላነሣችም። በሌላው እጄ ለአሰፋ ደወልኩለት፤ ለነገ የደሴ መኪና ሁለት ወንበር እንዲይዝልን።