የወይዘሮ አልጋነሽ በርሜል

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ቢራ በጠፋበት ሰሞን፣ ጣና ዳር ጎረቤቴ የነበሩት ወይዘሮ አልጋነሽ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ደገሱ። የአዲስ አበባ እንግዳ ቢራ ይጠብቃል። እሳቸው መች ተጨነቁ! ጠላቸውን አጥልለው ቧንቧ ባላቸው ትንንሽ በርሜሎች ሞሉት፤ ከቀበሌ ያገኟትን ስኳር ጨምረው ጥርቅም አድርገው ዘጉት።

«እትዬ፣ ይፈነዳል እኮ!» አልሁ።

«አርፈህ ተቀመጥ። ጠላው ስኳሩን እየበላ ጋዙን ራሱ ይሠራል።»

በሠርጉ ዕለት ክፈት የተባልሁት እኔው ነኝ። ፊቴን አዙሬ ቧንቧውን ስነካው ፉጨት አሰማና፣ ወርቅ የመሰለ መጠጥ ነጭ አረፋ ደፍቶ ወረደ። እንዲህ ያለ ሙያ አይቼ አላውቅም።

የሙሽራው አጎት የቢራ ፋብሪካ ቀማሽ ስለነበሩ መጀመሪያ ለእሳቸው ቀዳሁ። ተጎነጩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ደገሙ። ወይዘሮ አልጋነሽ ጠጋ ብለው ፊታቸውን ያያሉ። ሰውየው ድንገት ብድግ ብለው እጄን ያዙና፣

«ይህን ቢራ ከፋብሪካችን ማነው የሰረቀው?» አሉ።