ቁንጭር አገሩ ወሎ ብቻ መስሎኝ

መጀመሪያ የወጣው ከግራ ክርኔ በታች ነው። የወባ ትንኝ የነከሰኝ የሚመስል ቀይ እብጠት ነበር፤ አያምም፣ አያሳክክም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሃሉ ጎድጉዶ ቆሰለ፣ ጠርዙ ደግሞ ከፍ አለ። ያኔ አወቅሁት። ቁንጭር ነው።

ይህን በሽታ በደንብ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ወሎ ውስጥ ቀኝ ጉንጬ ላይ ወጥቶብኝ፣ ዓመት ያህል ተቀምጦ በራሱ የሄደ ነው። ጠባሳው አሁንም አለ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የማመላልሳቸው እንግዶች መጠየቅ እያፈሩ በመስታወቱ ሰረቅ አድርገው ያዩታል። ስለዚህ ክንዴ ላይ ሲወጣ አልደነገጥኩም፤ የድሮ ጎረቤት መንገድ ላይ እንዳገኘሁ ነው የቆጠርኩት። ይህንንም የምጽፈው የማይድን ቁስል ይዛችሁ «አውቀዋለሁ» ለምትሉ ነው። እኔም አውቀው ነበርና።

ሐኪም ጋ አልሄድኩም አይባልም። ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ ክሊኒክ ሄጄ ሐኪሟ አንቲባዮቲክ አዘዘችልኝ። ጨረስኩት፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛ ስሄድ ጉንጬን አሳየኋትና የአገራችንን ታሪክ ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ስታነብ ቆየች።

«ሌሽማንያሲስ ማለትህ ነው። ኢትዮጵያ በቅርብ ሄደህ ነበር?»

«አምና።»

«የእናንተ አገሩ ዓይነት ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ከፈለግህ ናሙና ወስደን እናረጋግጥ።»

እኔ ደግሞ ምኑን ነው የምታረጋግጪው፣ ጉንጬ አይበቃም ወይ ብዬ ሳቅሁ። ሺፍት ስለነበረብኝም ቸኩዬ ወጣሁ።

አንድ ያልነገርኳት ነገር ነበር። ልደብቃት ፈልጌ አይደለም፤ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ባለቤቴ ራህማ የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ናት። ያን ጊዜ ለአንድ ሴሚስተር ትምህርት ኮስታሪካ ነበረች፤ ተራራ ላይ፣ ዙሪያዋን ጫካና ደመና የሸፈናት ትንሽ ከተማ ውስጥ። ቁስሉ ከመውጣቱ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ፈቃድ ወስጄ ልጠይቃት ሄጄ ነበር።

ከተማዋ አንድ ዋና መንገድ፣ ቁልቁለት ላይ የተሰገሰጉ የቆርቆሮ ጣሪያዎችና አይብ የሚሸጥበት አንድ ጥሩ ሱቅ ናት። ጉሙ በመስኮት ይገባል፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ራህማ የተወለደችበት ሰፈር ይመስል ከፊት ከፊት እየሄደች አዞረችኝ፤ ተንጠልጣይ ድልድዩን አሻገረችኝ፣ ሽበት የመሰለ ነገር የሸፈናቸውን ዛፎች እየነካካች ስማቸውን ነገረችኝ። እኔ ከንፈሩ ሲሰነጠቅ የሚኖር የቬጋስ ሰው፣ ያ እርጥበት ፊቴን ሲነካኝ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ጠቀለልኩ።

«እጅጌህን አውርድ፣ ትናንሽ ዝንቦች አሉ» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ ቆዳዬ ትንሽ ውሃ ይጠጣበት።»

«የበረሃ ሰው!» ብላ ሳቀችብኝ። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎን አያውቅም።

ታዲያ በእኔ ሐሳብ ያ ሽርሽር ነው። የቁንጭር አገሩ ደግሞ ወሎ ነው። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?

ከዚያ አፍንጫዬ በግራ በኩል ይታፈን ጀመር። ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ወደ አፍንጫዬ የሳብኩት ውሃ ሲመለስ ቀላ ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቬጋስ እየኖረ አፍንጫው የማይደማ ማን አለ? ቫዝሊን ቀባ አድርግበት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። ቀባሁ። ማታ ማታ ክፍሉን የሚያረጥብ ማሽን ገዝቼ አጠገቤ አደረግሁ። ክንዴን በዩኒፎርሙ ረጅም እጅጌ ሸፈንኩት። ራህማ በቪዲዮ ስትደውል የማሳያት ፊቴን ብቻ ነው። ድምፅህ ምነው ስትለኝ፣ አብሽሪ እላታለሁ።

ሴሚስተሩ አልቆ መጣች። በማግስቱ ጠዋት ውዱእ ሳደርግ በር ላይ ቆማ አየችኝ። እጅጌዬ ተጠቅልሏል።

«ክንድህ ምን ሆነ?»

«ቁንጭር ነው። ይድናል።»

የምታየው ሲንኩን ነበር።

«ደሙስ?»

«አየሩ ነው።»

«ጫካ እንደሄድክ ለሐኪም ነግረሃል?» አለችኝ።

«የቱን ጫካ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። እዚያ እንደደረሱ ለተማሪዎቹ ስለ ዝንቧና ንክሻዋ ስለሚያመጣው ቁስል ተነግሯቸው ኖሯል። ያን ዕለት ሥራ አስቀረችኝ።

ከክሊኒኩ፣ አጠገባችን ሄንደርሰን ከተማ ያለ የኢንፌክሽን ስፔሻሊስት ጋ ተላክን። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«የኮስታሪካው ዝርያ ከኢትዮጵያው ይለያል» አሉኝ። «ከቆዳ ተነሥቶ ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ ሊሄድ ይችላል።»

«በልጅነቴ ወጥቶልኛል እኮ።»

«ያ ከዚህኛው አይጠብቅህም።»

«አፍንጫዬ ከገባስ?»

«ካልታከመ የአፍንጫን ግድግዳ ይበላል።»

ይበላል አሉኝ። ቀጭን ካሜራ አስገቡ። ራህማ እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ፈራሁ። ወላሂ፣ ፈራሁ። ጉንጬ ላይ ያለውን ጠባሳ ለምጄዋለሁ። አፍንጫ የሌለው ፊት ግን አልለምድም። እሷስ ትለምደዋለች? ሐኪሙ ካሜራውን እያዞሩ ያያሉ።

«ቁስለት አለ» አሉ በመጨረሻ። «ቀዳዳ ግን የለም። ገና ነው።»

ከክንዴም ከአፍንጫዬም ናሙና ተወሰደ። ፒሲአር የሚባለው ምርመራ የእሳቸውን ግምት አረጋገጠ። ራህማም ተመረመረች፤ እሷ ነፃ ናት። መኪና ውስጥ ገብተን «እኔ ነኝ የወሰድኩህ» ብላ አለቀሰች። እጅጌ አውርድ ያልሺኝም አንቺ ነሽ አልኳት።

መድኃኒቱ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ይባላል፤ በደም ሥር ነው የሚሰጠው። ብርድ ብርድ ብሎኝ ተንቀጠቀጥኩ። ወገቤን ቆረጠመኝ። ምግብ አስጠላኝ። ኩላሊቴን ስለሚጎዳ ደሜን ደጋግመው መረመሩ፤ ፖታሲየሜ ወርዶ መሙያ ታዘዘልኝ።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ መዳኑ ዝግ ብሎ መጣ፤ መጀመሪያ የክንዴ ጠርዝ ተኛ፣ ቀጥሎ መሃሉ በቀጭን ሮዝ ቆዳ ተሸፈነ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቫኑን እያጠብኩ ሳለ ሳላስበው የሳሙናውን ሽታ በሁለቱም አፍንጫዬ ማሽተቴን አወቅሁና የውሃውን ጎማ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አሁንም በየጊዜው ቼክ እደረጋለሁ፤ ይህ በሽታ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ ለዓመታት ነው።

አልሐምዱሊላህ። ስፔሻሊስቱን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዋንም ሐኪም አልወቅስም፤ የሰጠኋትን ይዛ ነው የሠራችው። እናንተ ግን ሐኪም ጋ ስትቀርቡ የበሽታውን ስም ይዛችሁ አትሂዱ፤ የነበራችሁበትን ቦታ ሁሉ ንገሩ፣ የተዝናናችሁበትንም ጭምር። ናሙና እንውሰድ ካሏችሁ እሺ በሉ። ቁስላችሁን ደግሞ አብሯችሁ ከሚኖረው ሰው በእጅጌ አትሸፍኑት።

ራህማ አሁንም ጠዋት ጠዋት ውዱእ ሳደርግ ፎጣ የምትፈልግ መስላ ትመጣለች። እጅጌዬን ጠቅልዬ ውሃውን ወደ አፍንጫዬ ስቤ እመልሳለሁ። አጎንብሳ ሲንኩን ታያለች። ውሃው ንጹሕ ነው። ፎጣውን ሳትወስድ ትሄዳለች።