ራውተሩ ላይ የታሰረው ነጭ ሽንኩርት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ፣ ልጄን ለመዳር ሽር ጉድ በምልበት ሰሞን ነው። ነጭ ሽንኩርት በላጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያናድደኛል።

አንኮበር ያለው የእናቴ ቤት ሲፈርስ የተረፈ የጽድ ሳንቃ ነበረኝ። ከሱ ለልጄ የልብስ ሳጥን ላሠራላት ቆርጬ ተነሣሁ። ሳንቃው ለአንድ ሳጥን ቢበቃ ነው፤ ከተበላሸ ምትክ የለውም። ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ጌትነት የሚባል አናጢ በቅርቡ ቤት ተከራይቶ ነበርና ለሱ ሰጠሁት። እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። በሌላ እንጨት እንዳይለውጥብኝ እያንዳንዱ ሳንቃ ላይ በምስማር ትንሽ መስቀል ጫርኩበት።

ሳጥኑ የሚገጣጠመው ያለ ምስማር፣ የአንዱ ሳንቃ ጫፍ ሌላው ላይ በተፈለፈለ ቦይ እየገባ ነው። ቦዩን የሚያወጣው ራውተር በሚሉት የእጅ ማሽን ነው። ቀጥ ያለ ጣውላ ሳንቃው ላይ ያስርና ማሽኑን በዚያ አስደግፎ ይነዳዋል። ቦዩ ትንሽ ከሰፋ ሳጥኑ ይላላል፣ ከጠበበ አይገባም።

ወፍጮ ቤት በሄድኩ ቁጥር እህሌ እስኪፈጭ ጌትነት ጋ ጎራ እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን እያየሁት ማሽኑ አቃሰተ፤ ቦዩ ተንሻፈፈ፣ ጠርዙም ጠቆረ። በሌላ ቀንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ ብቅ ስል ማሽኑን ያጠፋና ሳንቃዎቹን በሸራ ይሸፍናል።

"ምነው ጌትነት፣ ልየው እንጂ!" ስለው፣

"ሲያልቅ ያዩታል፣ እትዬ አስካለ" ይለኛል፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ይሄ ሰው እንጨቴን ሸጦታል አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን እህሌን ወፍጮ ቤት አስረክቤ ድንገት ገባሁበት። የራውተሩ እጀታ ላይ ነጭ ሽንኩርት በክር ታስሯል። ጉንፋን ይዞት ነው እንዳልል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ይበላዋል እንጂ ማሽን ላይ አያስረውም።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። "እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ጠዋት የምሠራው ልክ ይመጣል። እርስዎ ቆመው ያዩት ግን ሁሉም ይበላሽብኛል።"

"ቡዳ ነሽ ነው የምትለኝ?"

የነጭ ሽንኩርቱን ክር ጠበቅ አደረገው። ከጥንት ጀምሮ በዓይን የሚታማው ባለእጅ ነው፤ አሁን ደግሞ ባለእጁ እኔን! ምላሴ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥኩት። ፈርቼ ነው። ይህ ወሬ ወፍጮ ቤት ከገባ ሳይመሽ የሙሽራው ወላጆች ጆሮ ይደርሳል። የቡዳ ልጅ ማን ያገባል?

"በል፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አንተ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክር" አልኩት።

ዞርኩ። ማሽኑ ተነሣ፣ ወዲያውም ማቃሰት ጀመረ። የተቃጠለ እንጨት ሸተተኝ። "አየህ? እኔ መች አየሁት!" ልል አፌን ስከፍት የጎረቤቱ ወፍጮ ቀጥ አለ። የራውተሩ ድምፅ በአንዴ ቀጥኖ ጮኸ። ወፍጮው መልሶ ሲነሣ ራውተሩ መልሶ አቃሰተ።

"ጌትነት፣ ወፍጮው ነው! የመብራቱን ኃይል እየሳበብህ ነው!"

አጥፍቶ ቆመ። "ጠዋት የምሠራው ወፍጮ ቤቱ ሳይከፈት ነው ለካ" አለ ቀስ ብሎ። እኔ ደግሞ እዚያ የምቆመው ወፍጮው እህሌን ሲፈጭ ነው። ተያየንና ሳቅን። "ይቅር ይበሉኝ" አለኝ፤ ይቅር አልኩት።

ከዚያ በኋላ ወፍጮው ሲያርፍ ብቻ ቆረጠ። የተበላሹትን ሳንቃዎች አሳጥሮ ለመሳቢያ አደረጋቸው። ሳጥኑ በመዳፍ መታ መታ ሲደረግ ጥብቅ ብሎ ገጠመ።

ሳጥኑ ቤት የገባ ቀን ሰው እስኪወጣልኝ ጠብቄ መስቀሎቼን ፈለግኩ። ሁሉም አሉ። በራሴ አፈርኩ። ከዚያ መሳቢያውን መዝዤ ሳወጣው ከኋላው ጥግ ላይ ያ ነጭ ሽንኩርት በክር ታስሮ አገኘሁት። እሱም እንደኔ ልቡ አላረፈም ለካ!

ደሜ ፈላ። በጥሼ ልጥለው እጄን ሰደድኩ። ግን ሳጥኑ ከልጄ ጋር በሠርጉ ቀን በስንት ሰው ፊት እንደሚያልፍ አሰብኩ። ማን በምን ዓይን እንደሚያያት ምን አውቃለሁ? መሳቢያውን መልሼ ገፋሁት።

በጌትነት እስከ ዛሬ ቅር እንዳለኝ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ልጄ ቤት፣ እዚያው የታሰረበት አለ።