ባዶውን የተስተካከለ መብራት

በላፍቶ ዳገት መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ጋሽ መዝገቡን ያውቀው ነበር። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዲናሞ ይጠግናል፣ ፍሬቻ ይቀጥላል፣ ስሙ የወጣው ግን በፊት መብራት ነው። መብራቱ ሽቅብ እያየ የፊት ለፊቱን ሹፌር ዓይን የሚያጭበረብር መኪና እሱ ዘንድ ቀርቦ ልክ ሳይገባ አይመለስም። እንግዲህ በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ዲንሳ የሚባል ሹፌር ሰው ገጭቶ ሲታሰርና "መብራት አሳወረኝ" ሲል፣ ሰውየው እውነቱን መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ጋሽ መዝገቡ ነው። ቢናገር ዲንሳ ይፈታ ይሆናል፣ የእሱ እንጀራ ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ዝም ቢል ደግሞ የሰው ልጅ ያለ ጥፋቱ ይበሰብሳል።

ትውልዱ ቡልጋ ነው። በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ተቀጠረ። ጣሊያኑ ቁጣው እሳት ነበር። አንድ ቀን መዝገቡ የባዶ የጭነት መኪና መብራት አስተካክሎ "ጨረስኩ" ቢለው፣ ካቻቢቴውን ከእጁ ነጥቆ ጣቶቹን በእጀታው መታው። "ይሄ መኪና ባዶውን ነው የሚኖረው? እህል ሲጫንበት አፍንጫው ሽቅብ አይነሣም? አፍንጫው ሲነሣ መብራቱስ የት ይሄዳል?" አለው በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። መዝገቡ የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይችን ነገር ግን እንደ ዳዊት ይዟት ኖረ። ኋላ የመንግሥት መኪና ሲጠግን ኖሮ፣ መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ተቀነሰና ላፍቶ መጥቶ በቤቱ ደጃፍ የራሱን ከፈተ። ሚስቱ ንግስት መጀመሪያ ላይ "ለማን መብራት ልታስተካክል ነው? ለጅብ?" ብላ ስቃበት ነበር። ሰፈሩ ያኔ እርሻው ገና አላለቀም፣ ባሕር ዛፉም እንዳለ ነው።

የላፍቶ ሰው በዚያ ዘመን ከተማ የሚወጣው በውይይት ነው። ውይይት ማለት ያቺ ከኋላ ሸራ የለበሰች፣ ሰው በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባት ፔጆ ናት። ጭነቷ ሁሉ ከኋላ ነው። አሥር ሰው ሲቀመጥባት የኋላ ሞላዋ፣ ባሊስትራው፣ ይተኛል፣ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ መብራቷም የሚመጣውን ሹፌር ግንባር ግንባሩን ይለዋል።

ስለዚህ ጋሽ መዝገቡ የውይይት መብራት ባዶውን አያስተካክልም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናዋን ከጎረቤቱ ከኦልጅራ ኖራ ቅብ ግድግዳ አሥራ ሁለት እርምጃ አርቆ ያቆማታል። ግድግዳው ላይ በከሰል ያሰመረው መስመር አለ። አጭሩ መብራት ከዚያ መስመር በአንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ኧረ ተቀመጡልኝ!" ይላል። ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይወጣና እየተሳሳቀ ውይይቷ ውስጥ ይሞላል። ይህ ነገር የሰፈሩ ልማድ ሆኖ ቀርቷል። የታመመ የሚጠየቀው፣ የዕድር ወሬ የሚወራው እዚያች የማትሄድ መኪና ውስጥ ነው።

"ገዲሴ ትምጣ!" ይላል ጋሽ መዝገቡ ከመብራቱ ሥር ቁጢጥ እንዳለ። "ገዲሴ ከወጣች ሁለት ሰው ይውረድ!"

"አንተ ሰውዬ ኩንታል አደረግኸኝ አይደል? ኩንታል እንኳ ሲጫን ቀስ ይባልለታል!" ትላለች ገዲሴ እየወጣች።

ባሏ ኦልጅራ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በሩ ጥግ ነው የሚቀመጠው። "ተዋት እባክህ። ሳገባት ግማሽ ሰው ነበረች። የቀረውን እኔ ነኝ ያበላኋት" ይላል።

ኦልጅራ ብስራተ ገብርኤል አንድ ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነበር። ማታ ማታ በእግሩ ነው የሚመለሰው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ጋሽ መዝገቡ ወንድም አልነበረውም፣ ኦልጅራ ግን ነበረው።

በጥቅምት ወር የቦሎ ምርመራ ደረሰ። ችግሩ፣ ምርመራ የገባ መኪና የሚታየው ባዶውን ነው። በጭነት ልክ የተስተካከለ መብራት ባዶውን ሲያዩት መሬት መሬት ስለሚያይ መርማሪው ይመልሰዋል። ስለዚህ ጋሽ መዝገቡ ለምርመራው ሲል ብቻ ባዶውን ያነሣውና፣ መኪናው ባለፈ ማግስት ሰው አስቀምጦ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ሹፌሮቹ ያጉረመርማሉ፣ ግን ይመጣሉ። መኩሪያ የሚባለው ባለ ውይይት ግን አልመጣም።

መኩሪያ ክፉ ሰው አልነበረም። ችኩል ነው። ከመሪው ጋር የተወለደ ነው የሚመስለው። ቦሎውን ለጥፎ በበሩ ሲያልፍ ጋሽ መዝገቡ ወጥቶ፣ "ና እንጂ! መብራትህ እኮ ወፍ ያባርራል!" አለው።

"ነገ ጋሼ! ተራዬ ያልፈኛል!"

በሁለተኛው ቀንም ጮኸበት። መኩሪያ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ጋሽ መዝገቡ መጮኹን ተወ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ያቺ ውይይት ሰው ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ መብራቷ የባሕር ዛፉን ጫፍ ሲልሰው ያያል። "ቅዳሜ አስቆመዋለሁ" ይላል በልቡ። ቅዳሜም ሌላ ሥራ መጣ። አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። ኋላ በጣቱ እየቆጠረ ራሱን የገረፈባቸው እነዚህ አሥር ቀናት ናቸው።

ኅዳር ሰባት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዲንሳ ከለቡ ጀርባ ድንጋይ ጭኖ ወደ ከተማ ይወርዳል። ኦልጅራ በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤቱ ይመጣል። አንዲት መኪና ዳገቱን ስትወጣ መብራቷ ዲንሳ ዓይን ላይ ፈሰሰ። ሁሉ ነገር ነጭ ሆነበት። እንዳይጋጭ ብሎ መሪውን ወደ ቀኙ ሰበረ። ኦልጅራም ያለው እዚያ ነበር።

ዲንሳ አልሸሸም። ኦልጅራን በገዛ እጁ አንሥቶ ሆስፒታል ይዞት ሮጠ። ኦልጅራ ግን መንገድ ላይ አረፈ።

ትራፊኩ፣ "የማን መኪና ነው ያሳወረህ? ታርጋው ስንት ነው?" አለው።

"በየትኛው ዓይኔ ልየው ጌታዬ?" አለ ዲንሳ።

ማንም አላመነውም። ጠጥቶ ነው ተባለ፣ ተኝቶ ነው ተባለ። የዚያች መኪና ተሳፋሪዎችም ሸራ ውስጥ ተዘግተው እርስ በርስ ሲተያዩ ምን አይተው ይመስክሩ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ኦልጅራ ደጃፍ ድንኳን ሲተከል፣ መኩሪያ ውይይቷን ጋሽ መዝገቡ ቤት ጓሮ አስገብቶ አቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ ያችን መብራት ዝቅ አድርግልኝ።"

ጋሽ መዝገቡ አየው። "ትናንት አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"አትጠይቀኝ ጋሼ። እኔም እንዳልጠየቅ፣ አንተም እንዳትጠየቅ። ባዶዋን ያነሣሃት አንተ ነህ።"

"መልሳት ብዬ ጮኼብሃለሁ!"

"ጮኸሃል። ማን ሰማ?"

ከድንኳኑ በኩል የገዲሴ ድምፅ ተሰማ። ገና ማልቀስ መጀመሯ ነው። ጋሽ መዝገቡ ካቻቢቴውን አነሣ። ሰው ማስቀመጥ አላስፈለገውም፣ ግድግዳም አላስፈለገውም። እጁ ያውቀዋል። የግራውን መብራት ብሎን ሁለት ዙር ተኩል፣ የቀኙንም ሁለት ዙር ተኩል። ከዚያ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሦስት ቀን ከጎረቤቱ ጋር ተቀመጠ። ንፍሮ ሲዞርም ዘግኖ በላ።

ከዚያ ወዲህ ለመብራት የመጣውን ሹፌር ሁሉ "አሞኛል" እያለ ይመልስ ጀመር። ንግስት፣ "የት ላይ ነው የሚያምህ?" ብትለው ፊቱን ያዞራል። ሌሊት ተነሥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ፣ "ለኦልጅራ ከሆነ፣ ሰው እንዲህ ሆኖ አያዝንም። ሌላ ነገር አለብህ" አለችው። ያኔ ነገራት። ንግስት ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠች። "ታዲያ ያ የታሰረው የሰው ልጅ?" አለች።

በጥር፣ የዲንሳ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ገዲሴ ደጅ መጡ። የዲንሳ ሚስት ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ከበሩ ውጪ ተንበርክካለች። ይቅርታ ከተገኘና ገዲሴ በእርቅ ወረቀት ላይ ከፈረመች ፍርዱ ይቀልለታል። በገዲሴ በኩል ከተቀመጡት ጎረቤቶች አንዱ ጋሽ መዝገቡ ነበር። ገዲሴ በዚያች ሁለት ወር ውስጥ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር። ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሲጨርሱ ወደ እሱ ዞረች።

"መዝገቡ፣ እነሱ የሚሉትን ተወው። አንተ የመብራት ሰው ነህ። መብራት እውነት ሰው ያሳውራል? ወይስ ባሌን ገድሎ ነው እንዲህ የሚያላግጠው?"

ሰው ሁሉ እሱን እሱን አየው።

"ያሳውራል" አለ።

"እንዲህ ባለ መንገድ ላይ?"

"የጫነች ውይይት ዳገት ስትወጣ ያሳውራል። መብራቷ ባዶዋን ከተስተካከለ።" ከተቀመጠበት ተነሣ። "የመኩሪያ ናት። ባዶዋን ያስተካከልኳትም እኔ ነኝ። አሥር ቀን ሳያት ነበር።"

አንዱ ሽማግሌ "ቆይ እስቲ" ብሎ ሊያቋርጠው ሲል ገዲሴ በእጇ ከለከለችው። "አሁንም እንዲያ ናት?"

"አይደለችም። ዝቅ አድርጌያታለሁ።"

"መቼ?"

"ድንኳኑ ሲተከል። በማለዳ።"

ገዲሴ አልጮኸችም። ወደ ደጅ ወጣች፣ ድንጋዩን ከሴትየዋ ጫንቃ አወረደች፣ ተመልሳም በወረቀቱ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ጋሽ መዝገቡ ፊት ቆመች።

"ለእሱ ፈርሜያለሁ፣ አላወቀም። አንተ ግን እያወቅህ ሦስት ቀን ድንኳኔ ውስጥ ተቀመጥህ። ንፍሮዬን በላህ። ና ውጣልኝ።"

ወጣ። በቀጥታም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

ፍርድ ቤቱ በየካቲት ቃሉን ሰማ። መኩሪያ መስቀል ጨብጦ ማለና "በዚያ ሰዓት በዚያ አላለፍኩም፣ ሰውየው ሐዘን ነክቶት ነው" አለ። ውይይቷ ተፈተሸች፣ መብራቷ እንከን የለውም፣ ቦሎዋም በቦታው አለ።

"መብራቱን ማነው ዝቅ ያደረገው?" አሉ ዳኛው።

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"ታዲያ ከፍ ብሎ እንደነበር በምን እንወቅ?"

"ሁለት ዙር ተኩል ነው ያዞርኩት" አለ ጋሽ መዝገቡ፣ ጣቶቹን ከፍ አድርጎ እያሳየ። ከኋላ ያሉ ሰዎች ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም፣ ግን የእጁን ምስክርነት መዝገብ ላይ ሊያሰፍሩት አልቻሉም። ዲንሳ እርቁ ታስቦለት ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ጋሽ መዝገቡም በገዛ አፉ በመሰከረው የሥራ ፈቃዱን ተነጠቀ። ሹፌሮቹ "አሳባቂ" ብለው በበሩ ሲያልፉ ጥሩምባ ይነፉበት ነበር። መኩሪያ ቀድሞ እንደሚሠራው ይሠራል። "ኧረ ተቀመጡልኝ" የሚል ጠፋ፣ ማታ ማታ ጎረቤቱ በየቤቱ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ መዝገቡ ምግብ አስቋጥሮ ወህኒ ቤት ሄደ። ዲንሳ ከአጥሩ ወዲያ መጥቶ ቆመ። ጠጉሩን ተላጭቷል።

"ያንን ቃል ስትሰጥ ሰማሁህ" አለ ዲንሳ። "እኔን የጨነቀኝ ምን እንደነበር ታውቃለህ? ሁሉም ውሸታም ሲለኝ ጊዜ፣ እኔም መብራቱን ማየቴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ተኝቼ ይሆን? እል ነበር። አሁን ገላገልከኝ።"

"ይቅር በለኝ" አለ ጋሽ መዝገቡ።

"እሱን እኔ አላውቅም። ግን ሁለተኛ አትምጣ ጋሼ። በክፋት አይደለም። አንተን ሳይ፣ በማግስቱ ጠዋት ያችን ብሎን ባትነካት ኖሮ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ደግሞ ሦስት ዓመት አልወጣውም።"

ጋሽ መዝገቡ ቃሉን አከበረ። እሑድ እሑድ ምግቡን ይዛ የምትገባው ንግስት ሆነች። እሱ እስከ በሩ ሸኝቷት፣ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስትወጣ ተነሥቶ ባዶውን ሳህን ይቀበላታል።

"በላ?" ይላታል።

"ተቀብሎኛል" ትለዋለች።

ከዚያ ወደ ላፍቶ ይመለሳሉ፣ በእግራቸው።